ወደ ኋላ መመለስ የማይችል ሾፌር

በአገራችን ባለ ተሳቢ መኪና ወደ ፊት የሚነዳ ሞልቷል፤ ወደ ኋላ የሚመልስ ግን እየጠፋ ነው። መንጃ ፈቃዱ ሁለቱን አይለያቸውም። ደረቅ 3 የሚል ወረቀት በኪሱ የያዘ ወጣት ዛሬ ማታ ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብቶ 400 ኩንታል ጭኖ ሊወጣ ይችላል። ያንን ጭነት ከነተሳቢው መጋዘን በር ላይ አስተካክሎ ማስጠጋት ይችል እንደሆነ የሚጠይቀው ግን የለም። ከሾፌርነት ጡረታ ወጥቼ ቤቴ ከተቀመጥኩ ወዲህ ነገሩን ለመተው አስቤ ነበር። ቀበና የሚኖር ሰው ግን ሊተወው አይችልም።

ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወርዶ ግንፍሌን የተሻገረ ሰው ሰፈራችንን ያገኛታል። ወንዙ ከእንጦጦ ይመጣል፤ መንገዶቻችን ወይ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ፣ ወይ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ይወጣሉ። ደልዳላ ቦታ ብርቅ ነው። ከባድ መኪና ቀን ቀን ከተማ ውስጥ እንዳይንቀሳቀስ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የግንባታ ዕቃ የሚገባው በሌሊት ነው። የኮሪደር ልማቱና የወንዝ ዳርቻው ሥራ በተጧጧፈበት ሰሞን ብረቱም፣ ሲሚንቶውም፣ ሎቤድ በሚባለው ዝቅ ያለ ተሳቢ የተጫነው እስካቫተርም የሚደርሰው ሰው በተኛበት ሰዓት ነበር።

አንድ ሌሊት በጩኸት ነቅቼ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ሎቤዱ መንገዱን አግድሞ ዘግቶታል። ጥበቃው «ና! ና!» ይላል፤ የቀን ሠራተኛው «ቁም!» ይላል፤ ከመጠጥ ቤት የሚመለሰው ሰውዬ ደግሞ «ወደ ግራ ስበር!» እያለ ያዛል። ወጣቱ ሾፌር ሁሉንም ይሰማል። መሪውን የሚሰብረው ተሳቢው እንዲሄድለት በሚፈልገው በኩል ስለሆነ፣ በሞከረ ቁጥር የሎቤዱ ጭራ ወደማይፈልገው ወገን ይሸሻል። አስወረድኩት። «ልጄ፣ ከዚህ በፊት በኋላ ማርሽ ሰብረህ አስገብተህ ታውቃለህ?» አልኩት። «አባባ፣ እኔ መንጃ ፈቃዱን ያወጣሁት ወደ ፊት እየነዳሁ ነው» አለኝ። «ረዳትህስ የት አለ?» ስለው ባለንብረቱ ወጪ ለመቀነስ ረዳት መቅጠር ካቆመ መቆየቱን ነገረኝ።

መሪውን አልተቀበልኩትም። ሰዉን ሁሉ ዝም አሰኝቼ በሾፌሩ በኩል፣ ስፖኪዮው ውስጥ በምታይበት ቦታ ቆምኩ። እጄን ብቻ እያየ፣ ጥቂት ገባ፣ ጥቂት ወጣ እያለ ራሱ አስገባው። ልጁ ችሎታ አልጎደለውም። የጎደለው ያሳየው ሰው ነው።

ጉዳዩን ከውጭ የሚያዩት ሰዎች «ትንሽ ልምምድ ነው» ይላሉ። ትንሽ አይደለም። ሎቤድም ሆነ ሌላው ከፊል ተሳቢ ከጎታቹ ጋር የሚገናኘው በአንድ መታጠፊያ ነው። በኋላ ማርሽ የተሳቢው ጭራ ወደ ግራ እንዲሄድ ከተፈለገ መሪው መጀመሪያ የሚሰበረው ወደ ቀኝ ነው። ተሳቢው መታጠፍ እንደጀመረ ሾፌሩ መሪውን መልሶ ሊከተለው ይገባል። ከዘገየ ተሳቢው እየታጠፈ ይሄድና ከጋቢናው ጋር ይጋጫል፤ የንፋስ ቱቦዎቹም ይበጠሳሉ። በአገራችን የለመድነው፣ ከጭነት መኪናው ኋላ በመሳቢያ ብረት የሚጎተተው ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ ደግሞ መታጠፊያው ሁለት ነው፤ አንዱ መንጠቆው ላይ፣ ሁለተኛው በሚዞረው የፊት አክስል ላይ። አቅጣጫው ሁለት ጊዜ ስለሚገለበጥ መሪው እንደ ቤት መኪና ወደ ተፈለገው ወገን ይሰበራል። ይህን የሰማ «እንግዲያውስ ይቀላል» ይላል። ግን ሁለቱ መታጠፊያዎች በአንድ ጊዜ ነው የሚሸሹት። የፊተኛው አክስል ትንሽ ሲያጋድል ስፖኪዮ ላይ አይታይም፤ በታየ ጊዜ ደግሞ ወደ ፊት ሄዶ፣ መኪናውን አቃንቶ፣ እንደገና ከመጀመር በቀር መላ የለውም። ይህን እጅ ካልለመደው አእምሮ ብቻውን አያደርገውም። በክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ የተማረው ሰው ቀስቱን በትክክል ይሥላል፤ ጋቢና ሲገባ ግን እጁ ወደ ለመደው ይሄዳል።

የእኛ ዘመን ሰው ይህን የተማረው በረዳትነት ነው። እኔ ጋቢና የገባሁት በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ነው። የእርዳታ እህል የጫኑ መርከቦች አሰብ ወደብ ላይ ተጨናንቀው፣ መኪናውም ሰዉም ወረፋ ይጠብቅ ነበር። መኪናችን ኤንትሬ የምንላት ፊያት ነበረች። ረዳት መንገድ ላይ መሪ አይሰጠውም። ሥራው ታኮ ማድረግ፣ ጎማ በብረት እየመታ በድምፁ ንፋሱን መለየት፣ ገመድ ማጥበቅ፣ ሸራ ማልበስ ነው። ወደብ ውስጥና ጋራዥ ግቢ ግን ሾፌሩ ጥላ ሥር ሲያርፍ «አንተ ልጅ፣ ወረፋዋን አስጠጋ» ይባላል። ያ ወረፋ ትምህርት ቤታችን ሆነ። በባዶ መኪና፣ በዝግታ፣ ሌላው ረዳት እየሳቀብን፣ ከጎን የቆመው ሽማግሌ ሾፌር እየተቆጣን መመለስ ለመድን። ልብ በሉ፤ ወደ ኋላ መንዳትን የተማርነው በዋና መንገድ ወደ ፊት ከመንዳታችን በፊት ነው። ያኔ ተሳቢ ያስነዳ የነበረውን አምስተኛ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ፈተናው ላይ ተሳቢ ሲያይ የመጀመሪያው አልነበረም።

ያን ዘመን ላስውበው አልፈልግም። ረዳት ደመወዝ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ሚሌ ላይ ከመኪናው ሥር ተኝቶ የወባ ትንኝ ሲበላው የሚያድር ልጅ ነበር። በጥፊ የሚማር ነበር። ከነባር ሾፌሮች የወረስነው ሁሉም ጥሩ አልነበረም፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ነጻ አድርጎ መንከባለልን እንደ ጀግንነት የሚያስተምሩ ነበሩ፤ በዚያም የሞቱ አሉ። ስለዚህ «የድሮው ይመለስ» አልልም። የምለው በድሮው ውስጥ የነበረው አንድ ደግ ነገር፣ ማለትም በአዋቂ ዓይን ሥር እየተሳሳቱ መማር፣ ምንም ሳይተካለት ጠፋ ነው።

የጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው። በግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ የአገሪቱ ጭነት ግን እያደገ፣ መኪናውም እየበዛ ሄደ። የሾፌሩ ቁጥር በመኪናው ቁጥር ልክ እንዲጨምር ትምህርቱ አጠረ። ባለንብረቱ ብድር ከፍሎ የገዛውን መኪና ሲያሰላ መጀመሪያ የሚቆርጠው የረዳቱን አበል ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ መንገድ ላይ ያለው ግድያና እገታ ብዙ ነባር ሾፌሮችን ከመሪ አስወርዷል። እነሱ ሲወርዱ የሚያሳይም አብሮ ወረደ። ሕዝቡ አደጋው ሲበዛበት ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ ሰየመ። ብረቱ ምን አጠፋ? ያው ሲኖትራክ በአዋቂ እጅ ለዓመታት ሳይጫር ይሠራል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ኋላ ማርሽ ስለሆነ «ይህ የግቢ ጉዳይ ነው፤ ቢበዛ አጥር ይጥላል» የሚል አይጠፋም። አጥር ብቻ አይጥልም፤ ሠራተኛም ይደፈጥጣል። ደግሞም ወደ ኋላ መመለስ የማያውቅ ሾፌር ሌላውንም አለማወቁን አይቻለሁ፤ ሁሉም የሚመነጨው የተሳቢውን ጠባይ ከማወቅ ነውና። ከርቭ ላይ የተሳቢው የኋላ ጎማ ጋቢናው ባለፈበት አያልፍም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ይህን የማያውቅ ሾፌር የጠበበ መታጠፊያ ላይ እግረኛውን በስፖኪዮ ሳያየው ይወስደዋል። በፍጥነት ላይ መሪን ድንገት መምታትም እንዲሁ ነው፤ ጋቢናው ትንሽ ሲወዛወዝ የተሳቢው ጭራ በእጥፍ ይወዛወዛል። አህያ አድናለሁ ብሎ መሪ የመታ ሰው መጀመሪያ የሚገለበጥበት ተሳቢው ነው።

ከሁሉ የከፋው ቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ዓባይ ድልድይ እስኪደርስ መንገዱ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። 400 ኩንታል ማለት 40 ቶን ነው፤ የመኪናውና የተሳቢው ክብደት ሲጨመር ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ያን ሁሉ ክብደት በእግር ፍሬን ብቻ ይዞ የሚወርድ ሰው ጉልበቱን በሙሉ ወደ ሙቀት እየለወጠ ታምቡሩና ሸራው ላይ ይጭነዋል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ሸራው መያዙን ይተዋል፣ ፍሬኑ ሲረገጥ ወለል ድረስ ይሄዳል ወይም ይረገጣል እንጂ አይዝም። ሰዎች «ፍሬን በጠሰ» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን የተበጠሰ ነገር የለም፤ የጋለ ነገር ነው ያለው። መድኃኒቱ ከቁልቁለቱ በፊት ነው። አፋፉ ላይ ቆሞ ጎማና ፍሬን መፈተሽ፣ ዳገቱን በሚያወጣው ከባድ ማርሽ መግባት፣ የሞተር ፍሬኑን መያዝ፣ የእግር ፍሬኑን አሁንም አሁንም አጥብቆ ረግጦ መልቀቅ እንጂ ለረጅም ጊዜ አለመጎተት። መሃል ላይ ማርሽ ልቀይር ያለ ሰው ማርሹ ካልገባለት ነጻ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጸሎት ነው። ይህን በቃል የነገርኩት ወጣት ሁሉ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። ከጎኑ ተቀምጠው «አሁን ልቀቅ፣ አሁን ያዝ» ሲሉት ግን እግሩ ምን ያህል እንደሚዋሸው ያኔ ያያል።

ዳላስ የጭነት መኪና የሚነዳ የእህቴ ልጅ አለኝ፤ እዚያ በዚህ ሥራ የተሰማሩ ሐበሾች ብዙ ናቸው። መንጃ ፈቃዱን ሲያወጣ ያሳለፈውን በስልክ አጫውቶኛል። መጀመሪያ መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ እየነካ፣ እያንዳንዱን ክፍል ምን እንደሚመረምርበት ይናገራል። ቀጥሎ በፕላስቲክ ምልክቶች መሃል በኋላ ማርሽ ቀጥ ብሎ መመለስ፣ ጎን ለውጦ መመለስ፣ ሰብሮ ማስገባት አለ። መንገድ ላይ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ረዳት ስለሌላቸው አንድ ሕግ እየደጋገሙ ያስተምሯቸዋል፤ ከተጠራጠርክ ወርደህ እይ። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2022 ጀምሮ ደግሞ በተመዘገበ ማሠልጠኛ ያልሠለጠነ አዲስ ሰው ለፈተናው አይቀርብም። እኔን የገረመኝ ሕጋቸው የሰዓት ቁጥር አለመጥቀሱ ነው። አሠልጣኙ «ይህ ሰው ይችላል» ብሎ እስካላረጋገጠ ድረስ ሥልጠናው አላለቀም።

አውሮፓም እንዲሁ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ባለ ተሳቢ ተፈታኝ ተሳቢውን መፍታትና መቀጠል፣ በከርቭ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ግዴታው ነው። ኤምባሲዋ ሰፈራችን አጠገብ ያለው እንግሊዝ በ2021 እ.ኤ.አ. ሾፌር አጥታ የገበያ መደርደሪያዎቿ ሲራቆቱ፣ ፈተናውን ለማፋጠን ብዙ ነገር አላልታለች። የኋላ ማርሹን ፈተና ግን ከመንገዱ ፈተና ነጥላ ሌሎች ፈታኞች እንዲሰጡት አደረገች እንጂ አልሰረዘችውም። በችግር ቀን እንኳ ያልተሰረዘ ነገር ትርፍ ነገር ሊሆን አይችልም።

እኛ ዘንድ ሕጉ አለ። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ፈቃዱን በየፈርጁ ከፋፍሎታል፤ ለጭነት ደረቅ 1፣ ደረቅ 2፣ ደረቅ 3 ተብሏል። ደረጃ ማውጣቱ ትክክል ነው። የሚጎድለው በደረጃዎቹ መካከል ያለው ድልድይ ነው። ያነጋገርኳቸው ወጣቶች ደረቅ 3 ለማውጣት ሲሠለጥኑ ተሳቢ የነኩት ለጥቂት ጊዜ፣ ያውም ባዶውን፣ ያውም በደልዳላ ሜዳ እንደሆነ ነግረውኛል። ተሳቢ ፈትቶ የመቀጠልን ነገር ብጠይቃቸው ከመካከላቸው «እሱን ጋራዥ ያደርገዋል» ያለኝ አለ። መንጠቆው ሳይቆለፍ፣ ፒኑ ሳይገባ፣ የንፋሱ ቱቦ ሳይጠብቅ የተነሳ ተሳቢ ዳገት ላይ ለብቻው እንደሚቀር የነገረው የለም።

የምጠይቀው ነገር በወረቀት ሲጻፍ ረጅም አይደለም። ረዳትነት በሕግ ይታወቅ። ደረቅ 3 ያወጣ ሰው ጭኖ ብቻውን ከመውጣቱ በፊት ንጹሕ መዝገብ ካለው ነባር ሾፌር ጎን ተቀምጦ የሚሠራበት ጊዜ ይኑር፤ ደመወዝና ውል ያለው ይሁን እንጂ እንደኛ ዘመን ከጎማ ሥር የሚታደርበት አይሁን። አንድ ደብተር ይሰጠው። ደብተሩ ላይ አራት ነገር ይኑር፤ በሾፌሩ በኩልም በማይታየው በኩልም ወደ ኋላ ሰብሮ ማስገባት፣ ተሳቢ መፍታትና መቀጠል፣ ጭኖ አንድ ትልቅ ቁልቁለት መውረድ፣ ጭነት አስሮ መፈተሽ። አራቱን ያየ ነባር ሾፌር ስሙን ጽፎ ይፈርም። ቀኑ ሳይሆን ፊርማው ይቆጠር፤ ቶሎ የሚችል ቶሎ ይውጣ፣ የሚዘገይ ይቆይ።

ቦታውስ? ሥልጠና ሲባል ሁሌ «መሬት የለም» ይባላል። የጭነት መኪና የሚሰለፍበት ግቢ ሁሉ ባዶ የሚሆንበት ሰዓት አለው። ሞጆን በመሰለ ደረቅ ወደብ፣ በየከተማው መግቢያ ባለው የከባድ መኪና ማቆሚያ አንድ ጥግ ከልሎ አሮጌ ጎማ መደርደር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አሰብ ላይ እኛን ያስተማረን ወረፋው ነው፤ ዛሬም ወረፋ አለ፣ ዛሬም ወጣቱ ስልኩን እየነካካ ይጠብቃል።

ይህን ያካፈልኩት አንድ ባለንብረት ወዳጄ «መኪናው አንድ ቀን ከቆመ የባንኩ ዕዳ ይበላኛል፤ ለሁለት ሰው መክፈልማ አይታሰብ» አለኝ። ችግሩ እውነት ነው። ነገር ግን ዓባይ በረሃ ላይ ታጥፎ መንገድ የዘጋ አንድ ተሳቢ ስንቱን መኪና ስንት ሰዓት እንደሚያቆም እሱ ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ ጥገናውንም፣ የጠፋውን ጭነትም፣ ከሁሉ በላይ የሰውን ሕይወት ሳይጨምር። መድን ሰጪዎችም የተፈረመበት ደብተር ላለው ሾፌር ዓረቦኑን ቢቀንሱ የሚጎዱ አይመስለኝም፤ የሚከፍሉት ካሳ ይቀንስላቸዋልና። ያኔ የረዳቱ ደመወዝ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ከፊሉ ይመለሳል።

ሌላው ሥጋት ከዚህ ይከብዳል። «መንጃ ፈቃድ በሚገዛበት አገር ፊርማስ አይሸጥም ወይ?» ይሉኛል። ይሸጣል፤ አልክድም። ልዩነቱ ፊርማ የሰው ስም መሆኑ ነው። ዛሬ አንድ ወጣት ቁልቁለት ላይ ሲገለበጥ «ማን አስተማረው?» ብሎ የሚጠይቅ ፖሊስ መልስ አያገኝም፤ ተቋሙ ወረቀት ያሳያል፣ ፈታኙ ውጤት ያሳያል፣ ሁሉም ነጻ ነው። ደብተሩ ላይ የእኔ ስም ቢኖር ግን መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። የእኔ ትውልድ ሾፌር በብዙ ነገር ሊታማ ይችላል፤ ስሙን ግን ይወዳል። ያላየውን «አይቻለሁ» ብሎ ለመፈረም ሁለት ጊዜ ያስባል።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለቀሳውስት ብቻ አይደለም። እኛ ጥምጣሙን ቀድመን አልብሰን ልጆቻችንን ቁልቁለት ላይ ሰደናቸዋል፤ ሲወድቁ ደግሞ ስም እናወጣላቸዋለን። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የሥልጠናና የፈተና መመሪያውን በሚቀጥለው ጊዜ ሲያሻሽል ጡረተኛ ሾፌሮችን ይጥራን። አበል አንጠይቅም፤ በታክሲ እንመጣለን። እስከዚያው ግን አዋጅ የማይፈልግ አንድ ነገር ዛሬውኑ ማድረግ ይቻላል። ፈታኙ ወጣቱ ተሳቢውን ይዞ ሜዳውን ዞሮ ሲጨርስ «አልፈሃል» ከማለቱ በፊት «በል አሁን መልሰው» ይበለው። ያልመለሰውን አያሳልፈው።